የሽጉጤ ጢም

በከተማችን በዊሎ ፎርክ ሴት ልጅ ሰባ ስምንት ዓመት ሲሞላት እጇ ከሊጥ በቀር ለሌላ ነገር አይረባም ተብሎ ተወስኗል። ማን እንደወሰነው አላውቅም፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ያወቅኩት አንድ ማክሰኞ ወደ ተኩስ ክበባችን ገብቼ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሳነብ ነው። ከላይ፣ አጨዳ ሲያልቅ ከስቲልማን ከተማ ጋር ለምንገጥመው ውድድር የተመረጡት አምስት ተኳሾች ስም በጥቁር ቀለም ተጽፏል። ከታች «ምግብ» ይላል። ከእሱ ሥር፣ በእርሳስ፣ «ኦርፋ ሊንድክቪስት፦ የፖም ፓይ፣ አራት»።

እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት አራት ዓመት ብቻ ነው፤ እሱንም በጎቹ መውለድ ሲጀምሩ እያቋረጥኩ። ግን የራሴን ስም አነባለሁ። እርሳስ ምን ማለት እንደሆነም አውቃለሁ። በእርሳስ የሚጻፈው እስከ ውድድሩ ቀን ሊሞት የሚችል ሰው ስም ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ከአምስቱ አንዷ ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስሜ በቀለም ነበር።

የክበቡ አለቃ ቨርጂል ስታም ነው፤ ጡረታ እስኪወጣ የእህል ጎተራ ጠባቂ ነበር፤ አሁን እኛን ይጠብቃል። ከወንበሩ ሳይነሳ ያዝኩት።

«ቨርጂል፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ወይዘሮ ኦርፋ! እንዴት ዋሉ? ፓዩን ነው? አራት ከበዛብዎት ሦስት...»

«ፓዩን አይደለም። ከላይ ያለውን ነው። አምስተኛው ማነው?»

«ዶክተር ፕሬስተን ናቸዋ። አዲሱ የጥርስ ሐኪም።»

«ሰውየው መተኮስ ከጀመረ እኮ ሦስት ወር አልሞላውም።»

«ጎበዝ ናቸው። እጃቸው አይንቀጠቀጥም።»

«ጥርስ ሲነቀል የሚንቀጠቀጠው መቼ ሐኪሙ ሆኖ ያውቃል?»

ቨርጂል ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። መጥፎ ነገር ሊናገር ሲል እንዲህ ያደርጋል።

«አምና በሁለት ነጥብ ነው የተሸነፍነው፣ ወይዘሮ ኦርፋ። የእርስዎ የመጨረሻዎቹ አምስት ጥይቶች ሁሉም ወደ ታች ወረዱ። እርስዎን ስለምናከብር ማንም ምንም አላለም።»

«ፊታችሁ ስለነበርኩ ነው ምንም ያላላችሁት። ዞር ስል መንጋጋችሁ እስኪደክም አውርታችኋል።»

ጆሮው ቀላ። እውነት ሲነኩት ጆሮው ነው የሚቀላው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«ደንቡ ደንብ ነው» አለ በመጨረሻ። «የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ የማጣሪያ ተኩስ አለ፣ ለሁሉም ክፍት ነው። ከዶክተሩ ከበለጡ ቦታው የእርስዎ ነው።»

«ካልበለጥኩስ?»

ቨርጂል ወረቀቱን አየ። «የፖም ፓይ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ቤቴ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ሽጉጤን ከሣጥኗ አወጣኋት። ስድስት ጎራሽ ናት። አርቪድ ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለራሱ ብሎ ገዛት፤ በሁለተኛው ሳምንት ከእሱ የተሻለ ስመታባት «እንግዲህ ተጋብታችኋል» ብሎ ተወልኝ። አፈሙዟ ወፍራም ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ከመነሻው እስከ ጫፉ የተንጠለጠለ ተጨማሪ ብረት አለው። ፋብሪካው ያንን ብረት ያደረገው ስትተኮስ ጫፏ ከብዶ እንዳትዘል ነው። አርቪድ «ጢሟ» ይለው ነበር።

ባዶ መሆኗን ሦስቴ አየሁ። ከዚያ ማድ ቤት ቆሜ ቀኝ እጄን ዘረጋሁና ጫፏን ከመስኮቱ ደፍ ጋር አስተካከልኩ። በእኛ ክበብ በአንድ እጅ ነው የሚተኮሰው፤ ሌላው እጅ ኪስ ገብቶ ያርፋል። መቁጠር ጀመርኩ። እስከ ሰባት ድረስ ቀጥ ብላ ቆመች። ስምንት ላይ እንደሚያንቀላፋ ሽማግሌ አገጯን ደፋች። ደገምኩት። ስምንት ላይ ደፋች። በሦስተኛውም ስምንት ላይ።

ዓይኔ አይደለም። ትንፋሼም አይደለም። የእጄ አንጓ ነው የደከመው። ከአንጓዬ ጋር ልከራከር አልችልም፤ እሱ አርጅቷል። ከብረት ጋር ግን መከራከር ይቻላል፤ ብረት ይላጫል።

በማግስቱ ወደ ሜሪት ሄድኩ። ሜሪት ሃውገን የሟች እህቴ ልጅ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሆዱ ከእሱ አንድ እርምጃ ቀድሞ ይሄዳል። ሽጉጥ በመሥራትና በማስተካከል ከዚህ እስከ ባሕሩ ዳር የሚያህለው የለም ይላሉ፤ እሱም ሲባል ሰምቷል።

«አክስቴ! ምነው በሰላም? ፓይ ይዘሽ ነው?»

«ሰሞኑን ሁላችሁም ሆዳችሁ ነው የሚያናግራችሁ? ሽጉጥ ይዤ ነው የመጣሁት።»

«እሱማ ይባስ!» ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳትና የምፈልገውን ነገርኩት። «አፈሙዟን ከሁለቱም ጎን ላጭተህ ጠፍጣፋ አድርግልኝ። ከሥር ያለውን ጢም ቁረጠው። ጫፏ ይቅለለኝ።»

በመዳፉ መዘናት፤ ራሱን ነቀነቀ። «አፍንጫው የከበደ ሽጉጥ ነው እኮ ረግቶ የሚቆመው። ሰው ከፍሎ ነው የሚያስከብደው።»

«አንጓ ላለው ሰው። እኔ ጋ ረግታ አትቆምም፤ ረግታ ትሰምጣለች።»

«እንግዲያው አዲስ ግዢ። አሁን ፕላስቲክ አለ፣ እንደ ላባ የቀለለ።»

«አርቪድ ጉልበቱን ሲያመው አዲስ ባል ግዢ ብለኸኝ ነበር?»

«ገበያው ላይ ደህና ነገር አልነበረማ!»

ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። ሜሪትን መሳደብ የሚከብደው ለዚህ ነው፤ መልስ አለው።

«እሺ» አለ፣ «ጎኖቿን እላጫለሁ። ጢሟን ግን አልነካውም። እሱ ከሄደ ስትተኩሺ ትዘልና ግንባርሽን ትመታሻለች።»

«ግንባሩ የእኔ ነው።»

«ሥራው ግን በእኔ ስም ነው የሚጠራው። ስለ ብረት ለእኔ ተዪው አክስቴ፤ ሠላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ።»

«እኔ ደግሞ እሷን ከአርባ ዓመት በላይ ይዣታለሁ። ስለ እሷ የምትጠይቀኝ ነገር የለም?»

«ምን እጠይቅሻለሁ? ብረት ናት። ማሽኑ ይለካታል።»

ይህን ቃሉን ያዙልኝ።

በስድስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ራሱ ይዟት መጣ። እውነት ለመናገር ዓይን ታፈዝዛለች። የአፈሙዟ ሁለት ጎኖች እንደ ምላጭ ጠፍጣፋ ሆነው ያበራሉ፤ ጢሟ ግን እንዳለ ከሥር ተንጠልጥሏል። ሜሪት ሙገሳውን ቆሞ ጠበቀ። «ደህና ነው» አልኩት። ደህና ማለት ለእኔ ብዙ ነው፤ ይህን ስለሚያውቅ ደስ ብሎት ሄደ።

እኔ ደግሞ ወደ መስኮቱ ደፍ። አንድ፣ ሁለት... አሁን እስከ አሥር ደረሰች። እሰይ! አልኩ። ከቤቴ ጀርባ አርቪድ ለልምምድ ብሎ የቆለለው የአፈር ጉብታ አለ፤ እዚያ ዒላማ ሰቅዬ አሥር ጥይት ተኮስኩ። ሰባቱ ወደ ግራ ሄዱ። ሌላ አሥር። ስምንቱ ወደ ግራ።

እንደገና ባዶ አድርጌ ዘረጋኋትና እጄን ተመለከትኩት። ሳላዘው ዞሯል። አስተካከልኩት፤ ከአፍታ በኋላ ተመልሶ ዞረ። ያኔ ገባኝ። የአፈሙዟ አዲስ ጎን ከቀሪው ገላዋ ጋር አይተያይም፤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ዘምሟል። ዓይኔ የዘመመውን ጎን ያያል፤ እጄ ደግሞ ዓይኔን ሊያስደስት ብሎ ያቃናዋል። አፈሙዙን ሲያቃና ሽጉጧን በሙሉ ያጣምማታል።

ረቡዕ ጠዋት ሜሪት ቁርሱን ሳይጨርስ ደረስኩ።

«ጠማማ ናት።»

«ማናት?»

«ሽጉጤ። ጎኗ ከገላዋ ጋር አይገጥምም።»

ሹካውን አስቀመጠ። መለኪያውን አመጣና አፈሙዟን ከመነሻ እስከ ጫፍ አራት ቦታ ቆነጠጣት። «ይኸው እይ። አንድ ናት። የፀጉር ያህል ልዩነት የላትም።»

«ውፍረቷን አልጠየቅኩህም። የአንተም ሆድ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው፤ ቀጥ ብሏል ማለት ግን አይደለም።»

«መነጽርሽን ከቀየርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«አንተ ቀጭን በነበርክ ጊዜ ነው የቀየርኩት።»

«አክስቴ፣ ደግሞም ጥይቱ የሚሄደው በውስጥ ነው። ውጪዋ ቢዘምም ባይዘምም ጥይቱ ምን አገባው?»

«ጥይቱን ምንም አያገባውም፤ እኔን ግን ያገባኛል። የምተኩሰው እኔ ነኝ ወይስ ጥይቱ?»

አየሁት፤ አላመነኝም። በሐዘኔታ አስተያየት አየኝ፤ ያንን ቨርጂል ፊት ላይ አይቼዋለሁ። ሰው ሲያረጅ የሚናገረው ነገር ሁሉ ከበሽታው ይቆጠራል።

አባቴ በር ሠሪ ነበር። ጣውላ መጣመሙን የሚያውቀው በቁጥር አልነበረም፤ ቁጥር እሱም እንደ እኔ ብዙ አልወደደውም። ሁለት ቀጥ ያሉ ረጃጅም ዘንጎች ነበሩት። አንዱን በጣውላው በዚህኛው ጫፍ፣ ሌላውን በዚያኛው ጫፍ አግድም ያስቀምጥና በርከክ ብሎ አንዱን በሌላው ላይ ያያል። ጣውላው ቀጥ ካለ ሁለቱ ዘንጎች አንድ መስመር ይሆናሉ። ትንሽ ከተጣመመ የዘንጎቹ ጫፍ እንደ መቀስ ይከፈታል። ለዓይን የማይታየውን ትንሽ ጥመት ረጅሙ ዘንግ አሳድጎ ያወጣዋል።

ቦርሳዬን ከፈትኩና ሁለት የሹራብ መርፌዎቼን አወጣሁ። የብረት ናቸው፤ ክንድ ያህል ይረዝማሉ።

«ልትሠሪልኝ ነው እንዴ?» አለ ሜሪት። «አረንጓዴ ይሁንልኝ።»

«በጎኗ አስተኝተህ ሞርሳው ላይ እሰራት።»

አሰራት። አንዱን መርፌ በገላዋ ጠፍጣፋ ጎን ላይ አጋደምኩ፤ ሌላውን እሱ ራሱ በላጨው የአፈሙዝ ጎን ላይ።

«አሁን በርከክ በልና ከጫፏ በኩል እይ።»

«ጉልበቴን...»

«ጉልበትህን ሆድህ ላይ አሳርፈውና እይ!»

ወረደ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። መርፌዎቹ በአንድ በኩል ተነካክተው፣ በሌላው በኩል ትንሽ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ፈጥረዋል።

«ውይ» አለ ሜሪት።

«ምን ታየህ? መነጽርህን ላቀብልህ?»

ተነስቶ ሌላ በኩል ዞረና እንደገና አየ። ከዚያ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ሲሳሳት ሳያሳዝን አይቀርም፤ ለትንሽ ጊዜ አሳዘነኝ።

«አይቻልም» አለ። «አፈሙዟን ፈትቼ ነው ማሽኑ ላይ ያሰርኳት። መነሻ ሳትይዢ ደግሞ አይላጭም። ጫፏ ላይ ያለችው ማነጣጠሪያ ቀጥ ያለች ስለሆነች የእሷን ጉንጭ፣ ጎኗን ማለቴ ነው፣ መነሻ አድርጌ ያዝኩና...»

«የትኛውን ጉንጭ?»

«የቀኙን።»

እኔም በርጩማ ሳብኩና ቁጭ አልኩ።

ክበቡ በገባሁበት ዓመት፣ በአንድ እጅ መተኮስ ስጀምር፣ ጥይቶቼ ሁሉ ወደ ግራ ይሄዱ ነበር። ክበቡ በሙሉ «ሴት ናት፣ ቃታውን ትጎትተዋለች» አለ። አርቪድ ግን ዝም ብሎ ቆሞ አየኝ፤ አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ቅዳሜ። ከዚያ እራት በልተን ሳህኑን እንዳነሳሁ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ በትንሽ ሞረድ የማነጣጠሪያዋን ቀኝ ጉንጭ ዳሰሰው። በማግስቱ ተኮስኩ፤ ትንሽ ቀረበ። እንደገና ሞረዳት። ሳምንት ፈጀ። እጁ ወደ ላይ እያደላ ስለነበር ጉንጯ ከላይ ሳሳ፣ ከታች ወፈር ብሎ ቀረ። ጥይቶቼ ግን መሃል ገቡ። ያኔ ነው ከአምስቱ አንዷ የሆንኩት። ለማንም አልተናገርንም፤ የባልና ሚስት ነገር ነው።

ይህን ነገርኩት። ሜሪት መነጽሩን አውልቆ ማነጣጠሪያዋን ከአፍንጫው አስጠግቶ አያት፤ በጣቱ ዳሰሳት።

«በእጅ የተሞረደች ናት» አለ ቀስ ብሎ።

«በአርቪድ እጅ። አንተ በዘመመ ጉንጭ ለክተህ የዘመመ ጎን ሠራህ። ጠይቀኸኝ ቢሆን በአንድ ቃል እነግርህ ነበር። ግን ማሽኑ ይለካታል አልክ አይደል? ለካት?»

«በቃ አክስቴ፣ ገባኝ።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል።»

«ገባኝ አልኩ እኮ!»

«ሁለቴ ቢገባህ ምን ይጎዳሃል?»

አገጩን አሸ። «ይስተካከላል» አለ። «አፈሙዟን መጀመሪያ ገላዋ ላይ አጥብቄ አስሬ፣ ልኩን ከራሷ ከገላዋ እወስዳለሁ፤ ምልክት አድርጌ እንደገና እላጫታለሁ። ግን ለማቃናት ከሁለቱም ጎን ሌላ ብረት ይሄዳል። ያኔ ላይዋ ይቀጥንና ጢሟ ብቻውን አብጦ ይቀራል፤ አስቀያሚ ነው የሚሆነው። ስለዚህ...»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ጢሙም... መላጨት ይኖርበታል።»

«ምን አልክ? ጆሮዬም እንደ ዓይኔ ነው። ድገምልኝ።»

«ጢሙ ይላጫል!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ እሱም ሳቀ።

ረቡዕና ሐሙስን ማሽኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩ። በእነዚያው መርፌዎች አረንጓዴ ሹራብ ጀመርኩ። ሜሪት አንድ ጊዜ ከላጨ በኋላ ያቆምና «መርፌሽን አምጪ» ይላል፤ እኔ የጀመርኩትን ሹራብ ከመርፌው አወልቃለሁ፣ እሱ በርከክ ብሎ ያያል፣ እኔ ደግሞ የተፈታውን መልሼ መርፌው ላይ እለቅማለሁ። ስድስቴ እንዲህ አደረግን። በስድስተኛው ሁለቱ መርፌዎች አንድ መስመር ሆኑ። የተቆረጠው ጢም መሬት ላይ እንደ ብር ፀጉር ተበትኖ ነበር።

ሊጨርስ ሲል ሞረዱን አነሳ። «ይህችንም ማነጣጠሪያ ላቃናት? አንድ ደቂቃ ነው።»

«ሞረድህን ከእሷ ላይ አንሳ» አልኩት። «እሷ አልተጣመመችም። እኔን ነው የምትመስለው።»

ሞረዱን መሳቢያው ውስጥ ከተተ።

ዓርብ ጠዋት መስኮቱ ደፍ ላይ እስከ አሥራ አራት ቆጠርኩ። ከዚያ በላይ መቁጠር ሰለቸኝ።

ቅዳሜ የክበቡ ሜዳ ሞልቶ ነበር። ዶክተር ፕሬስተን አዲስ ጓንት አድርጎ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ክፋቱ እሱ ነው። «ወይዘሮ ኦርፋ፣ ጥርስዎ እንዴት ያምራል!» አለኝ። «የራሴ ናቸው» አልኩት። እሱ ቀድሞ ተኮሰ፤ ሠላሳ ጥይት። ቨርጂል ወረቀቱን ቆጥሮ «ሁለት መቶ ስልሳ ስድስት» አለ። ሰው አጨበጨበ። ለሦስት ወር ተኳሽ ብዙ ነው፤ ልክደው አልችልም።

የእኔ የመጀመሪያ አምስት ጥይቶች ወደ ላይ ወጡ። ሜሪት ያለው ደርሶ ነበር፤ ጢሟ ስለሄደ እንደ ጠቦት ትዘላለች፤ መዳፌንም ለበለበችው። ዞር ብዬ አላየሁትም እንጂ ምን ዓይነት ፊት እንዳለው አውቅ ነበር። ስድስተኛው ላይ ትንሽ ዝቅ አድርጌ ያዝኳት፣ ዘላ ራሷ እንድትደርስበት። ደረሰችበት። ከዚያ በኋላ ማንንም አላየሁም። ጥቁሩን ክብና የአርቪድን የሞረድ ሥራ ብቻ።

የመጨረሻዎቹ አምስት ቀሩ። አምና የወረዱት እነዚህ ናቸው። እጄን ዘረጋሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስምንት ላይ ስደርስ አንጓዬ የለመደውን ሊያደርግ ፈለገ፤ የሚያወርደው ክብደት አጣ። ዘጠኝ ላይ ተኮስኩ። አምስቱንም እንዲህ።

ቨርጂል ወረቀቱን ቆጠረ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። እንደገና ቆጠረ።

«ሁለት መቶ ስልሳ ዘጠኝ» አለ።

ሰዉ ወዲያው ሜሪትን ከበበው። «እንዴት አሰብከው? ጢሙን መላጨት እንዴት መጣልህ?» እያሉ ትከሻውን ይመቱታል። ሜሪት አፉን ከፈተ። እኔ ሹራብ የሌለበት አንድ መርፌ ከቦርሳዬ አወጣሁና ብርሃን ላይ አየሁት፣ ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ያህል።

«አክስቴ ናት ያሰበችው» አለ ሜሪት፣ ጮክ ብሎ። «እኔ መጀመሪያ አበላሸሁባት። እሷ ናት ያቃናችው።»

ያን ጊዜ አረንጓዴው ሹራብ የእሱ እንዲሆን ወሰንኩ።

ቨርጂል ወረቀቱ ወደተለጠፈበት ግድግዳ ሄዶ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ። ሄጄ እጁን ያዝኩት።

«ቨርጂል፣ እሱን መልሰው። ቀለም አምጣ። ስሜን ከላይ፣ ሙሉውን፣ እኔ እዚህ ቆሜ እያየሁ ጻፈው። ፓዩ ላይ ያለውን ደግሞ አጥፍተህ የዶክተሩን ስም አስገባ። አራት ነው በለው፤ ስኳሩን እንዳያበዛው።»